«ደቻቱ ሞላ» ብለው እናቴን በሌሊት አስሮጧት

የአሸዋ ልጅ (ክሩን የከፈተው)፣ ሰኞ ማታ 2፡15

ጀማው ሰላም ናችሁ? ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሰማዩ ደምኗል፤ አንዲት ጠብታ ግን አልወረደችም። እናቴ ስልክ ላይ ቪዲዮ ተላከላት። ድፍርስ ጎርፍ መኪኖችን እያንከባለለ ሲወስድ ያሳያል። ከላዩ በቀይ ትልልቅ ፊደል «ሰበር! ደቻቱ ሞላ! ድሬዎች ውጡ!» ይላል። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ እናቴ እዚሁ ቤት ነበረች። ያን ሌሊት ከተማችን ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ነው የሞተው። ጎረቤቶቿን ቀብራለች። ስለዚህ «ውጡ» ሲሏት እውነት ነው ወይ ብላ አትጠይቅም። የእህቴን ልጅ አዝላ፣ ጫማ ሳታደርግ፣ በጨለማ ወደ ከዚራ ሮጠች። መንገድ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፣ እጇ አብጧል። እኔ ለሥራ መልካ ጀብዱ ነበርኩ። ስደውል አይገባም። ሰው ሁሉ እየደወለ ነዋ! ሃምሳ ደቂቃ ያህል እናቴን ውሃ ወስዷታል ብዬ ነው የቆየሁት።

ደቻቱ ግን ደረቅ ነበር። ማታ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ነው ያመሹት።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። የመኪኖቹ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ሱቁ ላይ ያለው ጽሑፍ የእኛ ፊደል አይደለም። የየት አገር እንደሆነ አላውቅም፤ የድሬ ግን አይደለም። አንድ ደቂቃ ቆም ብሎ ያየ ሰው ይለየዋል። የለጠፈውን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከ60 ሺህ በላይ ተከታይ አለው። ጠዋት ስገባ ቪዲዮው የለም፣ አጥፍተውታል። ይቅርታ የለ፣ እርማት የለ። በምትኩ ስለ አንድ ባለሥልጣን ሌላ «ሰበር» ተለጥፏል። በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው። እናቴ ወድቃለች፣ ቢያንስ ስህተት ነበር ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው። አይተውታል። አልመለሱም።

ግን እኔን የሚበላኝ ገጹ ብቻ አይደለም። ስልኬን ስከፍት የአገሪቱን ጠብ ሁሉ አውቃለሁ። ማን ማንን ሰደበ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ውጭ አገር የተቀመጠ ሰውዬ ትናንት ላይቭ ገብቶ ምን አለ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። የእኛ ሰፈር የውሃ ተራ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። እኛ ጋ የተሰነጠቀውን የጎርፍ መከላከያ ግንብ ማን እንደሚጠግነው አላውቅም። በ2013ቱ ምርጫ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ። የወከለኝ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ቢያልፍ ግን አለየውም። 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት ውስጥ ድሬ ያላት 2 ናት። ሁለት ሰው! የሁለት ሰው ስም ማወቅ አቅቶኝ የሃምሳ ዩቲዩበር ስም በቃሌ አውቃለሁ።

ይሄ ነገር የእኔ ብቻ ነው ወይስ እናንተም ጋ አለ?

—

መጋላ 07፣ ሰኞ 2፡31

አቦ እናትህን አላህ ያሽርልህ። እኛም ሰፈር ሰው ወጥቶ ነበር። ባጃጅ ያገኘ ያገኘውን ከፍሎ ወደ ሳቢያን ወጣ። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አድራለች ወላሂ።

—

ታይዋን ሻጭ፣ ሰኞ 2፡58

ወንድሜ እናትህን እግዜር ይማርልህ። እኔም እናት ነኝ፣ ሌሊት ልጅ አቅፎ መሮጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልበል፣ እንዳትቆጣኝ። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጠረ ቁጥር «ይዘጋ» የሚል ሰው ይመጣል። እባካችሁ እሱን እንዳትሉ።

ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ግማሹ ደንበኛዬ በቴሌግራም ነው የሚያዘኝ። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ሲገደቡ እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ቆየ። ቪፒኤን የሚያውቅ ደንበኛ ቀጠለ፣ የማያውቅ ቀረ። ዕቃ በብድር አምጥቼ ነበር። ያን ዕዳ ለመክፈል የጆሮ ወርቄን ሸጫለሁ። ከዚያ በፊትም ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ወንድሜ ጅቡቲ ነው፣ ደህና ይሁን አይሁን ሳላውቅ ነው የከረምኩት። ስለዚህ መዝጋት መፍትሔ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ሲዘጋ ውሸቱ አልቆመም፤ በአፍ ዞረ፣ እንዲያውም ባሰ፣ ማጣሪያ ስለሌለው።

የእኔ ብስጭት ሌላ ነው። ድሮ ፎቶ አንስቼ፣ ዋጋ ጽፌ ስለጥፍ ይበቃ ነበር። አሁን ማንም አያየውም። ላይቭ ገብተሽ ካልጮኽሽ፣ ከሌላ ሰው ጋር ካልተጋጨሽ፣ «ስክሪኑን ደብድቡልኝ» ካላልሽ ሰው አይመጣልሽም። አንድ ቀን ሞከርኩት። አንዱ ገብቶ ስለ ዘሬ ጠየቀኝ። ልብስ ነው የምሸጠው! ሌላው መለሰለት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መቶ ሰው የእኔን ቀሚስ ትቶ ስለ ዘር እየተሳደበ ነው። አጠፋሁት። የሚገርመው ያን ቀን ነው ብዙ ሰው ያየኝ። አንድ ቀሚስ ግን አልሸጥኩም።

—

ኮድ ጸሐፊ፣ ሰኞ 3፡20

እህቴ ያየሽው ነገር በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ፌስቡክ የትኛውን ፖስት ከላይ እንደሚያሳይህ የሚወስነው ቀመር አለ። ቀመሩ «ሰው ምን ያህል ነካካው» የሚለውን ይቆጥራል፤ ላይክ፣ ኮመንት፣ ሼር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የስሜት ምልክቶቹ፣ የተናደደው ቀይ ፊት ጭምር፣ እያንዳንዳቸው እንደ አምስት ላይክ ይቆጠሩ ነበር። አስቡት፤ አንድ ሰው «ወድጄዋለሁ» ቢል አንድ፣ «ተናድጃለሁ» ቢል አምስት። የራሱ የድርጅቱ ሠራተኞች ቁጣ የሚበዛበት ፖስት ውሸትና ስድብ የሚበዛበት ነው ብለው አስጠንቅቀዋል። የቁጣው ነጥብ ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። እስከዚያ እኛ ስንት ነገር አልፎብናል።

ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል የቀድሞ ሠራተኛ ሰነዶቹን ይዛ ወጥታ መስከረም 2014 ላይ በአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር የእኛን አገር በስም ጠርታለች። ይሄ አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ የብሔር ግጭት እያባባሰ ነው ብላለች። ታኅሣሥ 2015 ላይ ደግሞ አባቱ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው ተለጥፎ ከቆየ በኋላ የተገደሉበት ኢትዮጵያዊ ናይሮቢ ላይ ድርጅቱን ከስሷል። ድርጅቱ እዚህ ልከሰስ አይገባም ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 2017 ላይ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ሟቹ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ።

ይህን የምለው የለጠፈውን ሰው ነፃ ለማውጣት አይደለም። የአሸዋ ልጅ፣ ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ግን አዋጁ ሲወጣ የመብት ተሟጋቾች ተቺን ማፈኛ ይሆናል ብለው ሰግተው ነበር፣ እኔም እሰጋለሁ። እናትህን ያስሮጠው ገጽ ሳይጠየቅ ስለ ውሃ መጥፋት የጻፈ ልጅ ሲጠየቅ ማየት አልፈልግም።

—

የገንደ ቆሬ፣ ሰኞ 3፡41

ዕድሜዬ 21 ነው፣ መርጬ አላውቅም፣ የምመርጥም አይመስለኝም። እውነቱን ልናገር። እዚህ ከተማ ያደግን ልጆች ከሕፃንነታችን የሰማነው 40-40-20 ነው፣ የከተማዋ ሥልጣን በብሔር የሚከፋፈልበት ቁጥር። ለዚህ ይሄን ያህል፣ ለዚያ ያን ያህል። እኔ በእናቴ አንድ ነኝ በአባቴ ሌላ። ሰፈራችን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ተቀላቅሎ ነው የሚወራው፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንዱ ጀምረን በሌላው እንጨርሳለን። ታዲያ የእኔ ድርሻ ከየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው? ፖለቲካው እኔን የሚያውቅበት ስም የለውም። ቲክቶክ ቢያንስ «ይህን ልጅ ኳስ ያስደስተዋል» ብሎ ያውቀኛል። ሰው የሚያውቀው ጋ ነው የሚሄደው።

—

ጡረተኛው የባቡር ሰው፣ ሰኞ 4፡05

ልጆቼ፣ እኔ በጽሑፍ ቀርፋፋ ነኝ፣ የልጅ ልጄ እየረዳኝ ነው። ምድር ባቡር ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ድሬ በባቡሩ የተወለደች ከተማ ናት። ወሬም ድሮ በባቡር ነበር የሚመጣልን፤ ከጅቡቲ የወረደ ሰው ለገሃር ላይ ሻይ ሲጠጣ የነገረንን ይዘን እንሄዳለን። ውሸትም ነበረበት። ግን ሰውዬውን እናውቀዋለን። ውሸታም ከሆነ በሚቀጥለው አናምነውም። አሁን ግን ሰውዬው ማን ነው? ስም የለው፣ ፊት የለው። ስሙን ቀይሮ ነገ ይመጣል።

ድሮ ጥሩ ነበር ልላችሁ አይደለም። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲያልቅ የመንግሥት ራዲዮ ዝም ብሎን ነበር። ዝምታም ውሸት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ፈልገን ጀርመን ድምፅን፣ የአሜሪካ ድምፅን እንሰማ ነበር። ራዲዮኑ መሐል ይቀመጣል፣ አሥር ሰው ዙሪያውን። የማይረሳኝ 1997 ነው። የምርጫው ክርክር በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ ከዚራ ያሉ ቡና ቤቶች ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ሁሉም ሰው ያንኑ ክርክር ነው የሰማው። ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወደብ። አንዱ የመንግሥትን ሰው ይደግፋል፣ ሌላው ተቃዋሚውን፣ ግን የሚጣሉት በተባለው ነገር ላይ ነው። «እንዲህ ብሏል» «አላለም» የሚባል የለም፤ አብረን ሰምተናላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ልቤን ሰብሮታል። ያ ሦስት ወር ግን ዲሞክራሲ ምን ሊሆን እንደሚችል በዓይኔ ያየሁበት ነው።

ዛሬ እኔ ቤት ስድስት ሰው አለ፣ ስድስት ስልክ አለ። ምሳ ላይ ስንቀመጥ እያንዳንዱ የሰማው ሌላ ነው። ልጄ አንድ አገር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ምራቴ ሌላ አገር ውስጥ።

የገንደ ቆሬው ልጄ፣ አንተን ሳነብ አዘንኩ። ትክክል ነህ፣ ቁጥሩ ውስጥ የለህም። ግን ልጄ፣ አልመርጥም ስትል ቁጥሩን የሠሩት ሰዎች ምንም አይጎድልባቸውም።

—

የገንደ ቆሬ፣ ሰኞ 4፡12

ጋሼ አክብሬዎታለሁ። አስብበታለሁ። ግን እርስዎ የጠቀሱት 1997 ሲሆን እኔ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔ እንዲህ ያለ ክርክር አይቼ አላውቅም። ያላየሁትን እንዴት ልናፍቅ?

—

ከጁገል፣ ሰኞ 4፡40

እኔ ሐረር ነኝ፣ ጁገል ውስጥ። ስለ ውሃ ስላነሣችሁ ልግባ።

እኛ የሐረር ሰዎች የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየን ነን። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃችን ከእናንተ ከድሬ በኩል፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ተገፍቶ ዳገት ወጥቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዱ ፓምፕ ሲበላሽ ወይ መብራት ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ነው የምንዞረው። ይህ ለእኛ ከየትኛውም ሰበር ዜና የሚበልጥ ዜና ነው።

ባለፈው ዓመት ስለ ውሃው ስብሰባ ተጠራ። ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ የቆጠርኳቸው 14 ሰዎች ነን፣ አብዛኞቹ እናቶች። ኃላፊው ጥያቄያችንን ሰማ፣ ጻፈ፣ አንዳንዱን መለሰ። መጥፎ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ማታ የእኛ ሰፈር ልጅ ስለ ፌዴራል ፖለቲካ አንድ ነገር ለጥፎ ነበር። ከ900 በላይ ኮመንት። ስሞቹን አነበብኩ፣ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ግማሹ እንኳን አዳራሹ መጥተው ቢሆን ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም ነበር። እኔም ብሆን ኮመንት ካደረጉት አንዷ ነኝ። ሁለት ሰዓት ተከራክሬ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ፣ ያሳመንኩት ሰው ግን የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውስ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የተመረጠ ሰው የመረጠው ሕዝብ እምነት ካጣበት ከምክር ቤት አባልነቱ እንደሚወገድ ይላል። በአምስት ዓመት አንዴ ብቻ አይደለም ማለት ነው መብታችን። ግን ስሙን የማታውቀውን ሰው እንዴት ነው የምታወርደው? የአሸዋ ልጅ ያለው እውነት ነው፣ መጀመሪያ ስም ነው።

—

ድሬ በሩቅ፣ ሰኞ 5፡02

ወገኖቼ እኔ ውጭ ነው ያለሁት፣ 14 ዓመት ሆነኝ። «ውጭ የተቀመጠ ሰውዬ» ስትሉ ደረቴን ነው የወጋችሁት። ላይቭ የሚገባው እኔ አይደለሁም፤ ግን ጊፍት፣ ማለትም ላይቭ ላይ የሚላከውን የገንዘብ ስጦታ፣ የምልከው እኔ ነኝ። ከሥራ ሌሊት እወጣለሁ፣ ቤቴ ብቻዬን ነኝ፣ የአገሬን ቋንቋ የምሰማው እዚያ ነው። የሚናገረው ሰው ሲቆጣ እቆጣለሁ፣ ሲያለቅስ አለቅሳለሁ። ቁጣው ከምንም ነገር በላይ ወደ አገሬ የሚያቀርበኝ ይመስለኛል። እዚህ ሆኜ የምቆጣበት ነገር እናንተ ደጅ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም ነበር። የአሸዋ ልጅ፣ ያን ገጽ እኔም እከተለው ነበር። አሁን ወጥቻለሁ። እናትህን ሳምልኝ።

—

ዝም ያልኩ፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ 7፡10

ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ቪዲዮውን እኔ ሼር አድርጌዋለሁ። ለአራት ግሩፕ። አንዱ የአሸዋ ሰፈር የእድር ግሩፕ ነው። እናትህ ጋ የደረሰው ከእኔ ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። በ1998 ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኛ ቤት ውሃው ሲገባ አጎቴ ከጎረቤት ጮኾ ነው የቀሰቀሰን። እሱ ባይጮኽ እኔ ዛሬ የለሁም። ቪዲዮውን ሳይ መሪው የት እንደሆነ አላየሁም፣ ጽሑፉን አላነበብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እውነት ቢሆንና ዝም ብል? እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው የላክሁት። ለመዋሸት አይደለም። ለማዳን ነው። ጠዋት ውሸት መሆኑን ሳውቅ ከግሩፑ አጠፋሁት፣ አፍሬ ግን ምንም አልጻፍኩም። ልክ ያ ገጽ እንዳደረገው።

ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። እናትህንም መጥቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ከፈቀድክ።

—

የአሸዋ ልጅ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

አንብቤው ወጣ ብዬ ነው የተመለስኩት። መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ ለእናቴ አነበብኩላት። ምን አለችኝ መሰለህ? «ልጁ የማን ልጅ ነው?» አለች። የአጎትህን ነገር ስነግራት አወቀቻችሁ። አጎትህን አስታውሳዋለች። «ይምጣ፣ ቡና አፈላለታለሁ» ብላለች።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቴ ይቅር አለችህ፣ እኔም ብያለሁ። ነገ ሌላ ቪዲዮ ቢመጣስ? ያ ፍርሃት እኮ ውስጣችን አለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ይነሣል። ገጾቹም ያውቁታል። ከዚያች ሌሊት ነው የሚያተርፉት። እና ምን እናድርግ? ዝም ብለን አንላክ ብንል እውነት የሆነ ቀንስ?

—

ኮድ ጸሐፊ፣ ማክሰኞ 2፡00

ይሄ ጥያቄ እኔንም አላስተኛኝም። ቪዲዮ ሲመጣ ከየት እንደሆነ ማጣራት ይቻላል፣ ምስሉን ወስዶ መፈለግ። ግን ሐቁን ለመናገር በሌሊት፣ ኔትወርክ ተጨናንቆ፣ ልጅ ያዘለች እናት ያን አታደርግም።

—

ደንገጎ ዳገት፣ ማክሰኞ 2፡25

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ሾፌር ነኝ። የድሬና የሐረር መንገድ ላይ ነው ውሎዬ። አንድ የምታውቁት ግን የረሳችሁት ነገር አለ። የደቻቱ ጎርፍ ድሬ ላይ ስለዘነበ አይደለም የሚመጣው። ከላይ ነው የሚወርደው፣ ከደንገጎ ጋራ። ድሬ ላይ ኮከብ እየታየ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ድሬ ላይ ዶፍ ወርዶም ደቻቱ ምንም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ላይ ያለ ሰው ነው።

የወንድሜ ቤት ደንገጎ ነው። ገበሬ ነው። ዝናቡ ቀላል ይሁን ከባድ፣ ውሃው ሸለቆው ውስጥ ሲሰበሰብ፣ ከቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል። ስልክ አለው። ይህን ክረምት ማታ ማታ እኔ እደውልለታለሁ፣ የነገረኝን እዚህ እጽፋለሁ። ስሜን ታውቃላችሁ፣ ታርጋዬን ታውቃላችሁ፣ ከዋሸሁ መናኸሪያ መጥታችሁ ያዙኝ።

—

ጡረተኛው የባቡር ሰው፣ ማክሰኞ 2፡50

ልጄ ተባረክ። በእኛ ጊዜ ከጣቢያ ጣቢያ በስልክ እንዲህ ነበር የምንነጋገረው። ባቡሩ ከላይ ሳይነሣ የታቹ ያውቃል። የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ አይሁን፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። ሁለት ይሁኑ። ያልተደወለበት ማታም «አልተደወለም» ተብሎ ይጻፍ። ዝም ከተባለ ሰው የራሱን ይሞላበታል።

—

ታይዋን ሻጭ፣ ማክሰኞ 3፡15

እኔ የቴሌግራም ቻናሌ ላይ ከሦስት ሺህ በላይ የድሬ ሰው አለ። ልብስ ነው የምለጥፍበት፤ ማታ ማታ ግን ይህን አንድ መስመር እለጥፋለሁ። ያለ ፎቶ፣ ያለ ቀይ ፊደል። ስልክ የሌላቸው እናቶች ደግሞ አሉ። የሰፈር ልጆች በር ያንኳኩላቸው።

—

የገንደ ቆሬ፣ ማክሰኞ 3፡22

በር የማንኳኳቱን እኔ እወስዳለሁ። ከጓደኞቼ ጋር አምስት ነን፣ ወንዙ ዳር ያለውን ቤት ሁሉ እናውቃለን። በሦስቱም ቋንቋ።

—

ከጁገል፣ ማክሰኞ 3፡48

ግንቡንስ? የተሰነጠቀውን? እሱን በስልክ መጠበቅ አንችልም። የአሸዋ ልጅ ፎቶ አንሣው፣ ቀኑን ጻፍበት፣ ለቀበሌው በደብዳቤ አስገቡ፣ ደብዳቤው መግባቱን ቁጥር አስጽፉና ተቀበሉ። የሁለቱንም የምክር ቤት ተወካዮቻችሁን ስም ጠይቃችሁ እዚህ ጻፉ። አሁን ካልጠየቃችኋቸው መቼ?

—

የአሸዋ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡05

ፎቶውን አንሥቻለሁ። ስንጥቁ ከክንዴ ይረዝማል። 31 ጎረቤት ፈርሟል፣ እናቴ የመጀመሪያዋ ናት፣ ባበጠው እጇ። ነገ ጠዋት እናስገባለን። ቀበሌ ውስጥ የተወካዮቹን ስም ስጠይቅ ጸሐፊዋ ለሌላ ሰው ደወለች፣ እሱም ለሌላ። አንዱን ስም አግኝተናል። ሁለተኛውን ነገ ይነግሩኛል ብለዋል። «ዝም ያልኩ» መጥቶ ነበር፣ አሁን እዚሁ ቤት ነው፣ ሦስተኛውን ቡና እየጠጣ ነው።

—

ደንገጎ ዳገት፣ ማክሰኞ ማታ 3፡40

ወንድሜ ደውሏል። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ደንገጎ ላይ ዘንቧል፣ መካከለኛ። አሁን አባርቷል። ሸለቆው ውስጥ ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። 5 ሰዓት ላይ እንደገና ያያል።

—

ታይዋን ሻጭ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡44

ለጥፌዋለሁ።

—

ደንገጎ ዳገት፣ ማክሰኞ ማታ 5፡06

ደውሏል። ዝናብ የለም። ውሃው ቀንሷል። ዛሬ ማታ ተኙ።

—

የአሸዋ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 5፡11

ለእናቴ ነገርኳት። ጫማዋን በሩ ሥር አስቀምጣው ነበር፣ አንሥታ አልጋው ሥር አደረገችው። ነገም ትደውላለህ አይደል?

—

ደንገጎ ዳገት፣ ማክሰኞ ማታ 5፡13

ነገም እደውላለሁ።